ባጁ ርካሽ ነው ለሚሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ። ሰሞኑን የመምህራን ስልጠና በተነሳ ቁጥር ማይክሮ ክሬደንሻል የሚለው ቃል ሳይጠራ አይታለፍም። አጭር ኮርስ በኦንላይን ትወስዳለህ፣ ሥራህን ትልካለህ፣ ዲጂታል ባጅ (በሊንክ የሚታይ ማረጋገጫ) ይሰጥሃል፣ አለቀ። ለመንግሥት ካዝናም ርካሽ ነው ይባላል። እኔ መምህር ነኝ፣ አራት ባጅ አለኝ፣ እና ይሄ ርካሽ የሚሉት ነገር ነው ያልገባኝ።

ሐሳቡን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ። ድሮ ስልጠና ማለት እኮ መቶ ምናምን ሰው አዳራሽ ታጉሮ ስላይድ ሲነበብለት ውሎ አቴንዳንስ ፈርሞ መሄድ ነበር፣ እሱም ቢሆን በነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቲኤንቲፒ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሦስት ትልልቅ የትምህርት ዲስትሪክቶችን አጥንቶ ለአንድ መምህር ማሻሻያ በዓመት በአማካይ ወደ 18 ሺህ ዶላር ይወጣል፣ አብዛኛው መምህር ግን ከዓመት ዓመት ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም ብሎ ነበር። ማይክሮ ክሬደንሻል የመጣው ይሄን ሊያስተካክል ነው፣ ወንበር ላይ ስለተቀመጥክ ሳይሆን ሠርተህ ስላሳየህ ይሰጥሃል ተብሎ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የጋራ ትርጉም ውስጥ ግልጽ መስፈርት ያለው ምዘና እንዲኖር አስገብቷል።

ምዘና ማለት ደግሞ ሰው ማለት ነው። የክፍል ቪዲዮህን ቁጭ ብሎ የሚያይ፣ የተማሪዎቹን ደብተር የሚያገላብጥ፣ የትምህርት ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው፣ ይሄ ሰው ደግሞ ሊከፈለው ይገባል። በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ምክንያቱም የፕላትፎርሙ (ኮርሱ የሚሰጥበት ድረገጽ) ላይሰንስ በነፍስ ወከፍ ተፈርሞበታል አይነካም፣ የገምጋሚ ክፍያ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይደር ቢባል ማንም አይጮህም።

የመጀመሪያ ባጄን ሳወጣ ክፍልፋይ ሳስተምር የተቀረጽኩትን 12 ደቂቃ ቪዲዮ ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ ሙሉ አስተያየት መጣልኝ፣ "ጥያቄ ጠይቀህ ሁለት ሰከንድ ሳትቆይ ራስህ መለስከው፣ ይሄን ሰባት ጊዜ አድርገኸዋል" ይላል። ሰባት ጊዜ! ተናደድኩ፣ ልቃወም ብዬ ቪዲዮውን ከፍቼ ቆጠርኩ፣ ሰባት ነው። ጠይቄ ዝም ማለት የለመድኩት ከዛ ወዲህ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ጭንቅ ነበር፣ በኋላ ከኋላ ወንበር እጅ መውጣት ጀመረ።

አራተኛው ባጅ ሀያ የምርጫ ጥያቄ ነው። እስክታልፍ መደጋገም ትችላለህ፣ መልሱም ቦታውን አይቀይርም። ባልደረባዬ ስታፍ ሩም ቁጭ ብሎ በፍሪ ፔሬዱ ጨረሰው፣ የኮርሱን ቪዲዮ ድምጹን አጥፍቶ ከጎን እያስኬደ የተማሪ ፈተና ያርም ነበር (አልፈርድበትም፣ እኔም ከሱ ብዙ አልተሻልኩም)። ሪፖርት ላይ የመጀመሪያውም አራተኛውም አንድ አንድ ባጅ ናቸው። እንደውም አራተኛው በርካሽ ስለተገኘ ውጤታማ ተብሎ ይጻፋል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እሱ ላይ የወጣው ሳንቲም ሁሉ ነው የባከነው።

ጊዜውስ? የክፍልፋዩን ቪዲዮ ለመቅረጽ፣ ከወላጆች ፈቃድ ለመሰብሰብ፣ ለመቁረጥና ለመጫን ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል፣ ይሄ የማንም በጀት ላይ የለም። ባጁ ከደረጃ እድገት ጋር ሲያያዝ ደግሞ የደሞዝ ጭማሪው እስከ ጡረታ ይከፈላል። ጭማሪውን አልፈልግም አላልኩም፣ እፈልጋለሁ። ግን በአንድ ፍሪ ፔሬድ ክሊክ ተደርጎ ለተገኘ ነገር ሕዝብ ሀያ ዓመት ይክፈል ወይ ነው ነገሩ።

ሌላው ጋ ቢያንስ ልኩን ጽፈውታል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ስትጀምር አንዱ ማይክሮ ክሬደንሻል ከ5 እስከ 40 ክሬዲት አለች፣ አንዱ ክሬዲት እንደ 10 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል፣ ትንሹ እንኳን 50 ሰዓት ማለት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሰኔ ባወጣው ምክረ ሐሳብም የሥራ ጫናውና የምዘናው ዓይነት ማስረጃው ላይ ይጻፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ 60 ጥናቶችን የጨመቀ ትንተና ደግሞ የአንድ ለአንድ ኮቺንግ (ባለሙያ ክፍልህን አይቶ አስተያየት ሲሰጥህ) ማስተማሩንም የተማሪውን ውጤትም ያሻሽላል፣ ፕሮግራሙ በሰፋ ቁጥር ግን ውጤቱ ይቀንሳል ብሏል። ስንት ሺህ ባጅ ሰጠን እያሉ ለሚፎክሩ ይሄ ደስ አይልም።

ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል የባጁን ቁጥር ሲያወጣ አብሮ ያውጣልን፣ ስንቱን ሰው አይቶ ገመገመው፣ ስንቱን ኮምፒውተር አረመው፣ ከወጪው ለገምጋሚ የሄደው ስንት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ የመጀመሪያዋ ባጄ ሊንክ አሁን አይከፍትም። ድርጅት ተቀየረ፣ ኮንትራቱ አለቀ፣ ማረጋገጫው አብሮ ጠፋ፣ አዲሱ ጋ እንደገና ውሰድ ተባልኩ፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ሁለተኛ ሊከፈልልኝ ነው። ባጅ ከአንድ ፕላትፎርም ወደ ሌላ ይዞ መሄድ የሚያስችል ኦፕን ባጅ የሚባል ክፍት ስታንዳርድ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አለ፣ የፋየርፎክስ ብሮውዘር ባለቤት ሞዚላ ነው የጀመረው። ኮንትራት የሚፈርመው ሰው ይቺን አንድ መስመር ማስገባት ምን ይከብደዋል?

አንድ የሒሳብ መምህር