ቤቱን ገና አትሽጥ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የደሴውን ቤት ሸጠህ፣ ጠቅልለህ ወደ እኛ ልትመጣ እንዳሰብክ እህቴ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ፍርሃቴን በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ በልብ ወለድ ልሞክረው። መቼም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርክ።

ጆን ቺቨር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ነበር። ብዙ የጻፈው ኒውዮርክ ዳር ስላሉ መንደሮች ነው። ሰዎቹ ጠዋት በባቡር ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ሣር ያለው ግቢ፣ ጥሩ ቤት፣ የማያልቅ መጠጥ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣ ታሪኩ ፍራንሲስ ዊድ የሚባል ሰው የተሳፈረበት አውሮፕላን በማዕበል ተመትቶ ፊላደልፊያ አጠገብ እርሻ ላይ ያርፋል። ሰውየው ከሞት ተርፎ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ልጆቹ ይጣላሉ፣ ሚስቱ ራት ታቀርባለች። «አውሮፕላን ሊወድቅብኝ ነበር» ቢል ልብ የሚለው የለም። አንተ ብትሆን ወሬው ቀድሞህ ቤት ይደርስ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» እያለ ይጎርፋል፣ ቡናው ሲፈላ ይሰነብታል። ታሪኩን ደጋግመህ ማውራት እስኪሰለችህ ድረስ!

ቺቨርን የምወደው ሰዎቹን ክፉ ስላላደረጋቸው ነው። ሚስትየዋ ሻማ አብርታለች፣ ልጆቹም ልጆች ናቸው። የበደለው የለም፤ የሚሰማውም የለም።

በ1964 የወጣው «ዋናተኛው» ደግሞ የባሰ ነው። ኔዲ ሜሪል በአንድ የበጋ እሁድ የጎረቤቶቹን ገንዳ እየዋኘ ወደ ቤቱ ይጓዛል። መጀመሪያ መጠጥ እየቀዱ ይቀበሉታል። እየቆየ ግን ፊት ይነሱታል። አንዲት ሴትዮ ቤቱን መሸጡን ሰምታ እንዳዘነች ስትነግረው እሱ ትዝ አይለውም። ሲደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ቤቱም ባዶ ነው።

የእኛ የሜሪላንድ ሰፈር እንዲህ አይከፋም። በረዶ ሲጥል ጎረቤታችን ሳንጠይቀው ደጃችንን ይጠርግልናል። ስሙን ግን እስካሁን አላውቀውም። እሱም የእኔን የሚያውቅ አይመስለኝም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሀበሻው ይገናኛል። ከሰኞ ጀምሮ ግን እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ ቤት የምትቀሩት አንተና ቴሌቪዥኑ ናችሁ። ያለ መኪና ደግሞ የትም አይኬድም። አንተ ፒያሳ እስክትደርስ ከስንቱ ጋር ቆመህ እንደምታወራ እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሚያዝያ ላይ፣ ብርዱ ሲቀንስ ና። ሁለት ሦስት ወር ተቀመጥና ራስህ ፍረድ። ቺቨር በ1979 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘበትን የታሪኮቹን ስብስብ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መነጽርህን አስቀይር። ደላላው ዋጋ ጨምሯል እያለ ቢመላለስም ቡና አጠጥተህ ሸኘው።

ልጅህ