«ደህና» የተባለው ውጤት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፈው ከደሴ ነው። አጎቴን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው እስካሁን አይታዘዝላቸውም፤ የቡና ስኒ የሚያነሱት በግራቸው ነው።

ሰሞኑን ወረቀቶቻቸውን ሳገላብጥ ከመታመማቸው በፊት የተመረመሩበትን ውጤት አገኘሁ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 190። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ደህና» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ግን ኤችዲኤል፣ «ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 30 ብቻ ይላል። ስለሱ ማንም ምንም አላላቸውም።

ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም። ስብና ፕሮቲን ባቀፉት ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ነው የሚጓዘው። ኤልዲኤል የሚባለው እንክብል የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ይከማቻል። ክምችቱ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፣ ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። ኤችዲኤል ግን ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። እናም ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ፤ የሚቀረው እንደ ኤልዲኤል ባሉት ጎጂ እንክብሎች ላይ የተጫነው ነው። የአጎቴ 160 ይመጣል። ከ130 በታች ቢሆን ይመረጥ ነበር፤ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት።

ደም ግፊትም ነበረባቸው። ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ እሱ መሆኑን አልክድም። ግን ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይብሳል።

ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ ወረቀቱን ስትሰጡን እያንዳንዱን መስመር አንብቡልን። በቤተሰቡ ስትሮክ ያለበትም ሰው ኤልዲኤልን ስለሚመስለው ሌላ ጎጂ እንክብል፣ ስለ ሊፖፕሮቲን ኤ፣ ይጠይቅ። እሱ በዘር የሚወረስ ነው፣ በተለመደው ምርመራ ላይ አይታይም። እኔና ወንድሞቼ ልንጠይቅ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢ ከደሴ