ለአባቴ፦ በሬኒየር ጎዳና ስለነበረው ሜዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው «በሰፈራችሁ ኳስ ሜዳ የለም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በደብዳቤ ልመልስልዎ።

የምንኖርበት የሲያትሉ ሬኒየር ጎዳና አበሻ የበዛበት ነው፤ ምግብ ቤቱም፣ ሱቁም፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማእከሉም በዚሁ መስመር ላይ ነው። ጎዳናው ከማክሌላን መንገድ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ሎውስ የሚባል ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። ዛሬ ምስማርና ቀለም የሚሸጥበት ያ ቦታ ሲክስ ስታዲየም ነበር፤ የሲያትል ሰው ቤዝቦል የሚባለውን በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ለአርባ ዓመት ያህል ያየበት።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፍልዎ። ከ1913 ጀምሮ እዚያው ቦታ ደግዴል ፓርክ የሚባል ሜዳ ነበረ፤ በ1932 በነፃነት በዓላቸው ሌሊት አንድ እሳት ለኳሽ አመድ አደረገው። እዚያ ይጫወት የነበረው የከተማው ቤዝቦል ክለብ ሣር በሌለው አቧራማ ሜዳ ሲንከራተት ቆይቶ የሬኒየር ቢራ ፋብሪካ ባለቤት ኤሚል ሲክ ገዛው። እኛም አገር ሐረር ቢራና ሙገር ሲሚንቶ ክለብ ነበራቸው አይደል? ሲክም ክለቡን በቢራው ስም ሰይሞ በሰኔ 1938 አዲሱን ስታዲየም ከፈተለት። ክለቡ የሚወዳደርበት ሊግ ከአገሩ ዋና ሊግ በታች ነው፤ የእኛን ከፍተኛ ሊግ ያስቡ። ነገር ግን ዋናው ሊግ ያኔ እስከ ምዕራቡ ጠረፍ ስላልደረሰ ለሲያትል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቡድን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ፍሬድ ሀቺንሰን የሚባል ልጅ ብቅ አለ። ከሜዳው ከፍ ብሎ ከሚገኘው የፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ኳስ ወርዋሪ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን 25 ጨዋታ አሸነፈ፤ አሥራ ዘጠነኛውን ድል ያገኘው ልክ 19 ዓመት በሞላው ዕለት ነበር! በ1964 በካንሰር ሞተ፤ ሐኪሙ ወንድሙም በስሙ የካንሰር ምርምር ማእከል አቋቋመለት። ዛሬ እዚህ ከተማ ያን ስም የማያውቅ የለም፤ የተነሣው ግን ከዚህ ሜዳ ነው።

ቡድኑ ከ1939 እስከ 1941 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። ከመቀመጫው ሆነው ሲመለከቱ ባለ በረዶው ሬኒየር ተራራ ከአጥሩ ማዶ ይታይ ነበር። የመግቢያ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ በነፃ ያያል። ሊጉ ለጥቁር ተጫዋቾች በሩን በዘጋበት በ1946፣ ስቲልሄድስ የተባለ የጥቁሮች ቡድን ባለሜዳዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ እዚህ ይጫወት ነበር። ይህን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ የሚያድጉበት ሰፈር ነውና።

የሚያንገበግበኝ መጨረሻው ነው። በ1969 ፓይለትስ የሚባል የዋናው ሊግ ቡድን ሲመጣ ያ መጠነኛ ሜዳ 25,000 ሰው እንዲይዝ ይስፋ ተባለ። በመክፈቻው ቀን እንኳ ወንበሩ ተገጥሞ አላለቀም። ተመልካቹ ሲበዛ የውኃው ግፊት ስለሚደክም መጸዳጃ ቤቱ አይሠራም፤ ተጫዋቾቹም ገላቸውን ሳይታጠቡ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ቡድኑ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ከስሮ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ስሙ የጠፋው ግን የሜዳው ነው! ለተሠራለት ሥራ ሠላሳ ዓመት ሳይጎድል ያገለገለን ሜዳ ባልተሠራለት ሥራ መክሰስ ግፍ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአነስተኛ ሊግ ቢገለገሉበትም ከተማው ኪንግዶም የሚባል ባለ ጣሪያ ስታዲየም ሠራና ሲክስ በ1979 ፈረሰ።

አሁን ጥግ ላይ ሜዳው እዚህ እንደነበረ የሚናገር ምልክት ቆሟል። የምልክቱን ፎቶግራፍ ለፋሲካ ከምትመጣው የአክስቴ ልጅ ጋር፣ ከደም ግፊት መድኃኒትዎ ጋር አድርጌ እልክልዎታለሁ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ለእማዬና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከሲያትል