እንደገና ልማር ነው፣ እማዬ

እማዬ፣

ከሒሳብ አያያዝ ሙያ ወጥቼ ነርስነት ልማር ነው ስልሽ፣ በስልክ «ዲግሪሽን ልትጥይው ነው ወይ?» ስትይኝ ቶሎ መልስ አልሰጠሁሽም። አኩርፌ እንዳይመስልሽ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ቆሞ በስልክ አይመለስም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ዲግሪው። የየሴሚስተሩን ክፍያ እንዴት እየተቸገርሽ ታመጪው እንደነበር አውቃለሁ። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔ ግን አይ ነበር። ያ ገንዘብ ሜዳ ላይ አልቀረም። እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ቤት የመሠረትኩት፣ ለአንቺም የደረስኩት በእሱ ነው። አሁን የሚያሳስበኝ የቀሩት ዓመታት ናቸው። ዛሬ ብጀምር አርባ ሳይሞላኝ እጨርሳለሁ። ጡረታ በ60 ነው ብንል እንኳ ከ20 ዓመት በላይ መሥራት ይጠበቅብኛል። ላለፈው ወጪ ሳዝን እነዚህን ዓመታት ልቤ በሌለበት ሥራ ላይ ብጨምራቸው ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። የሒሳብ ሰው ሆኜ ይህን እያየሁ ማለፍ አልችልም።

ነርስነት ከየት መጣ አልሽኝ። ከአንቺ አልጋ አጠገብ ነው የመጣው። ምናልባት አታስታውሺው ይሆናል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም ሲሰጥሽ ሁለት ነርሶች መጡ። አንዷ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥርና የደም ዓይነት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ሌላዋ ከወረቀቱ ጋር፣ ከዚያም እጅሽ ላይ ከታሰረው መለያ ጋር አመሳከረች። ስምሽን ከራስሽ አፍ ሰሙ። ሁለቱም ፈረሙ። ሲጨርሱ አንዷ ጎንበስ ብላ የተገለጠ እግርሽን በብርድ ልብሱ ሸፈነችው። እኔም ቢሮ ውስጥ ሁለት ፊርማ ያልሰፈረበትን ክፍያ አላሳልፍም። ጥንቃቄው አንድ ነው። እዚያ ግን ከፊርማው ሥር ያለው ገንዘብ ሳይሆን አንቺ ነበርሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

በስሜት ብቻ አልተነሳሁም ግን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ነርሶችን ፈልጌ አነጋገርኩ። ሥራዋን የምትወድ አገኘሁ፤ ትታው የወጣችም አገኘሁ። ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ የወጣችው ናት። የወገብ ሕመሙን፣ እንቅልፍ የሚነሳውን የሌሊት ፈረቃ፣ ለአንድ ነርስ የሚደርሰውን የሕመምተኛ ብዛት ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ከዚያ በትርፍ ጊዜዬ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጀመርኩ። አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ በአንድ ጎን ብዙ የተኙትን ቆዳቸው እንዳይቆስል አገላብጫለሁ። ይደክማል፣ ጠረኑም ይከብዳል። ቢሆንም ማታ ወደ ቤት ስሄድ የምመለስበት ቀን ይናፍቀኛል። በያዝኩት ሥራ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ማስተርስሽን ለምን አትሠሪም?» ላልሽው፣ እሱንም አስቤበታለሁ። ማስተርስ በዚያው በሒሳብ ሙያ ከፍ ያደርገኛል። የክፍል ኃላፊ እሆናለሁ፤ ኃላፊ የምሆነው ግን ልወጣበት በምፈልገው ሥራ ላይ ነው። ሆስፒታል ገብቶ በሒሳብ ክፍል መሥራትም ይቻላል። ያኔ ሕንፃው ይለወጥና መዝገቡ ያው ይሆናል።

ሌላ ዲግሪ የግድ የማያስፈልግባቸው ሙያዎች አሉ። ሶፍትዌር መጻፍ ወይም ዲዛይን ቢሆን ኖሮ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ የሠራሁትን አሳይቼ ለመቀጠር እሞክር ነበር፤ ዓመታትም አላጠፋም። ነርስነት እንዲህ አይደለም። በፈቃድ የሚሠራ ሙያ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ዕውቅና ካለው ተቋም ተምሮ፣ ሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ የተግባር ልምምድ ላደረገ ሰው ነው። አቋራጭ የለውም፤ ባይኖረውም ደግ። ያ ደም ሲሰጥሽ በአቋራጭ የመጣ ሰው አጠገብሽ እንዲቆም አልፈልግም ነበር።

የዘመናዊ ነርስነትን መሠረት ጣለች የምትባለውን እንግሊዛዊት፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ስሟን ሰምተሻል። ቤተሰቧ ነርስ መሆኗን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ጀርመን አገር ካይዘርስወርት ሄዳ ሥልጠና የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ዕድሜዋ 31 ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቁጥር ሰው መሆኗ ነው። እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት በቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ እንደነበር በአኃዝና በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አሳይታ ባለሥልጣናቱን ሞግታለች። ለቁጥር የሰለጠነ ዓይን ሆስፒታል ውስጥ ቦታ እንዳለው ከእሷ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ያስተማርሽኝ ትምህርት አብሮኝ ይገባል።

ወጪው አያሳስበኝም አልልሽም። ትልቁ ወጪ የትምህርት ክፍያው አይደለም፤ የሚቋረጠው ደሞዝ ነው። የተግባር ልምምዱ ቀን ላይ ስለሚሆን መጨረሻ አካባቢ ከሥራ መልቀቄ አይቀርም። ስኮላርሺፕም ብዙ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ዲግሪ ለሌለው ነው። ስመረቅም አሁን ከማገኘው ባነሰ ደሞዝ እጀምራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ይህን ሁሉ ደምረን ቀንሰናል። ጠበብ እንላለን፣ ብድር ግን አንገባም። ለአንቺ በየወሩ የምልከው ከዚህ ሒሳብ ውጪ ነው፤ አይነካም። ይህን ተጨንቀሽ ሳትጠይቂኝ የቀረሽ ስለመሰለኝ ነው የምነግርሽ።

አሁን ሥራዬን አልለቅም። ቀድመው መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች አሉ፤ የሰውነትን አካላትና አሠራራቸውን የሚያስተምሩት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ስለ ጀርሞች የሚያስተምረው ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪም። እነሱን በማታው ክፍለ ጊዜ እወስዳለሁ። ከመጀመሪያው ዲግሪ እንደ ስታትስቲክስ ያሉት ይያዙልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ማመልከቻውን አስገብቻለሁ። ኮርሶቹ ከከበዱኝ ወይም ልቤ ከተመለሰ የማጣው የእነሱን ክፍያ ብቻ ነው፣ ደሞዜ አይነካም። ካለፍኩና አሁን የማስበውን ያኔም ካሰብኩ ግን ወደ ሙሉው ትምህርት እገባለሁ። ይህን ወስኛለሁ፣ እማዬ። ምርቃትሽን ግን እፈልጋለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት በሚኖረኝ ምሽት ልጁ አንቺ ዘንድ ቢያመሽ ይመችሻል? ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ ይወስደዋል። ጉልበትሽን ካመመሽ ወይም ከደከመሽ ሳትሳቀቂ ንገሪኝ፤ ሌላ መላ አንፈልጋለን። እሁድ ስመጣ የኮርሶቹን ሰዓት በትልልቅ ፊደል ጽፌ አመጣልሽና ቀኖቹን አብረን እንመርጣለን።

ልጅሽ