ሚንደን ሳይሆን ሙንደን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ። ባለፈው ስለ ጀርመን ትናንሽ ከተሞች ያወጣችሁትን ፅሁፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ሳላርም ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ካሰል ነው የምኖረው፣ ከፃፋችሁባቸው አንዷ ሙንደን ከኔ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው እዛ ነው።

መጀመሪያ ስሟ። "ሚንደን" ብላችኋል። ሚንደን ሌላ ከተማ ነው፣ እዛው ቬዘር ወንዝ ላይ ሆኖ በጣም ወደ ታች። የናንተዋ ሃን ሙንደን ናት፣ "ሃን" የምትለዋ የሃኖቨር አጭር አፃፃፍ ናት፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው ሁለቱ እየተምታቱባቸው ነው የጨመሯት፣ ስለዚህ ብዙም አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛው ግን ይከብዳል። የከተማው ሰዎች በ1707 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የፈረንሳዊውን ፈልሳፊ የዴኒ ፓፓንን የእንፋሎት መርከብ ሰባበሩ ያላችሁት ብዙ ሰው የሚያወራው ተረት ነው። ጀልባዋ ሞተር የሚባል ነገር አልነበራትም፣ በእጅ የሚዞር የመቅዘፊያ ጎማ ነበር ያላት። ፓፓን በእንፋሎት ስራ ስለሚታወቅ (ያ ኩሽና ውስጥ ሽሽሽ የሚለው ፕሬዠር ኩከር አባቱ እሱ ነው፣ በ1679) ሰው በኋላ አገናኘው። ሰውዬው ቤተሰቡን ጭኖ ከካሰል በፉልዳ ወርዶ በብሬመን በኩል እንግሊዝ ሊሄድ ነበር፣ ሙንደን ሲደርስ የጀልባ ነጂዎቹ ማህበር ፈቃድ የለህም ብለው ጀልባውን ነጥቀው አደቀቁበት።

እናንተ "ኋላቀርነት" ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ እንጀራ ነው የምለው። ቦታውን እዩት እስቲ፣ ፉልዳ ባንድ በኩል ቬራ በሌላ በኩል መጥተው ከተማዋን መሃል አድርገው ጫፏ ላይ ይገናኙና ቬዘር ሆነው እስከ ሰሜን ባህር ይወርዳሉ፣ ነጋዴ በሷ ሳያልፍ የትም አይደርስም። በ1247 መስፍኑ በሰጣት መብት ደግሞ የሚያልፍ ሁሉ እቃውን አራግፎ ሶስት ቀን ለከተማው ሰው ለሽያጭ ማቅረብ ነበረበት። ይሄ እስከ 1823 ቆየ፣ ወደ 600 ዓመት ማለት ነው! እንጨቱ ከውጪ የሚታየው፣ ያ ፎቶ ያነሳችሁት ቤት፣ ከ700 በላይ አለ፣ ብዙው የቆመው በወንዝ ንግድ ብር ነው። እና አንድ ፈረንሳዊ የማህበሩን ሰው ሳይቀጥር በራሱ ጀልባ ውልቅ ሊል ሲመጣ ምን ይጠበቃል? ትክክል ሰሩ አላልኩም፣ ምክንያታቸው ግን ጅልነት አልነበረም።

ወንዞቹ የሚገናኙበት ላይ ከ1899 ጀምሮ አንድ ድንጋይ ቆሟል፣ ቬራና ፉልዳ ተሳስመው ስማቸውን አጡ የሚል ግጥም ተቀርፆበታል። ቆንጆ ነው፣ ግን የቋንቋ ሰዎች ቬራና ቬዘር ድሮ አንድ ስም ነበሩ ይላሉ፣ ስለዚህ የተበላችው ፉልዳ ብቻ ናት ሃሃ።

ሁለት ብዬ ጀምሬ ሶስት ሆነብኝ፣ ፎቶው ስር "የፉልዳ ድልድይ" ያላችሁት የድሮው የድንጋይ ድልድይ ያለው ቬራ ላይ ነው፣ እሱንም በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከካሰል