የእንቅፋት ደብተር፦ የጊታር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ላይ የሙዚቃ ክፍሉን በር ስከፍት 22 ተማሪዎች በረንዳው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። በክበቡ እጅ ያሉት ጊታሮች 5 ናቸው። ባለፉት ዓመታት አባሎቻችን ከ10 ስለማይበልጡ ተራ መጠበቅ ያን ያህል አያስቸግርም ነበር፤ ዘንድሮ ግን የምዝገባው ወረቀት በአንድ ቀን ሞላ። ግማሹን እንድመልስ የመከሩኝ ባልደረቦች ነበሩ። አልመለስኩም። ጊታር ለመማር ፈልጎ የመጣን ልጅ ‹‹ቦታ የለም›› ብሎ ማሰናበት አልቻልኩበትም። አሁን ዓመቱን መለስ ብዬ ሳየው፣ ከምንም ነገር በላይ ያስተማረን የጊታሮቹ ማነስ ነው።

መጀመሪያ ቁጭ ብለን አሰላን። የምሳ ዕረፍት 50 ደቂቃ ነው፤ በ10 ደቂቃ ሲከፈል 5 ተራ ይወጣዋል። 5 ጊታር በ5 ተራ 25 ሰው ያስተናግዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከተራው በፊት ወይም በኋላ ምሳውን እየበላ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 10 ደቂቃ ጊታር መያዝ ይችላል። ረቡዕ ማታ ማታ ደግሞ ሁላችንም እንሰበሰባለን። ‹‹በ10 ደቂቃ ምን ይሠራል?›› ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። አንድ ዘፈን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ከተጫወቱት 10 ደቂቃው አለቀ፤ እጅም ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ችግሩ ግን የደቂቃው ማነስ አይደለም። መጫወትና መለማመድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የዚህ ዓመት ድካማችን በሙሉ ይህን ልዩነት በእጃችን ለማወቅ የተደረገ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የጣት ሕመም ሳምንታት ነበሩ። የብረት ክር ባልለመደ ጣት ጫፍ ላይ መስመር አውጥቶ ያቃጥላል፤ ብዙ ጀማሪ ጊታርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው እስኪጠነክር መታገሥ ያስፈልጋል። ሆኖም ሕመም ሁሉ ከጀማሪነት የሚመጣ አይደለም። ከ5ቱ ጊታሮች በሁለቱ ላይ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው የተወጠሩ ስለነበሩ፣ አንዲት ክር ለመጫን የአዋቂ ጉልበት ይጠይቁ ነበር። የትምህርት ቤታችን የጥገና ሠራተኛ ክሮቹ በሳጥኑ በኩል የሚያርፉባትን ቀጭን ድጋፍ አውጥተው ከሥሯ በሞረድ ሞረዱልን። ክሩ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም ከተተከሉት ብረቶች አንዱ) ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ከድጋፏ 2 ሚሊ ሜትር መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም 12ኛው ፍሬት የሚገኘው በክሩ እኩሌታ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በማስመሪያ ለኩት፦ ሙሉ ክሩ 65 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ 12ኛው ፍሬት 32.5። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሁለት ጊታሮች የሚሸሽ ጠፋ። ጊታር ገዝታችሁ ልጃችሁ ‹‹እጄን አመመኝ›› ብሎ የተወባችሁ ወላጆች፣ ልጁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ የክሩን ከፍታ አስመርምሩ።

ጉልበት መቆጠብንም ተለማመድን። ጣትን ክሩ ላይ በቀስታ አሳርፎ፣ በቀኝ እጅ እየመቱ ቀስ በቀስ ጫን ማለት ነው፤ መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሚንዛዛ፣ በመጨረሻም የጠራ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የጠራበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ መጫን ትርፍ ድካም ነው። ጣቱ ከፍሬቱ ብረት ጠጋ ካለ ደግሞ የሚያስፈልገው ኃይል በጣም ያንሳል። ይህን ያወቀ ተማሪ ትከሻው ይወርዳል፤ ከሩቅ ያስታውቃል።

በኅዳር ወር የስልክ መቃኛ (ክር ማስተካከያ መተግበሪያ) መጠቀም ከለከልኩ። አልተወደደልኝም፤ እኔ ግን ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። የቆየው ዘዴ ይህ ነው፦ የ6ኛው (ከሁሉ የሚወፍረው) ክር 5ኛ ፍሬት ከ5ኛው ባዶ ክር ጋር እኩል ይሰማል፤ የ5ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ከ4ኛው ጋር፣ የ4ኛው ከ3ኛው ጋር እንዲሁ። 3ኛው ክር ላይ ብቻ 4ኛው ፍሬት ይያዝና 2ኛው ክር ይስተካከላል፤ ከ2ኛው ወደ 1ኛው እንደገና 5ኛው ፍሬት ነው። ሁለቱ ድምፆች ተቀራርበው ገና ካልገጠሙ በመካከላቸው ‹‹ዋ-ዋ-ዋ›› የሚል ሞገድ አለ። ሲቀራረቡ ሞገዱ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ይጠፋል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሞገዱ ሲጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ዕለት ጊታሩን ከጆሮው አላርቅ ብሎ የተራውን 10 ደቂቃ በሙሉ በዚያ ፈጀው። ደስ አለኝ። ቋንቋችን ክር ማስተካከልንም አካባቢን ማሰስንም ‹‹መቃኘት›› በሚል አንድ ቃል መጥራቱ በዚያ ቀን ትርጉም ሰጠኝ።

የክበቡን ዓመት የለወጠው ግን ኤፍ ሜጀር የሚባለው ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) ነው። ይህን ኮርድ ሙሉውን ለመያዝ አመልካች ጣት 6ቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ መጫን አለበት፤ ያውም ክሮቹ ከሁሉ በላይ በሚከብዱበት በ1ኛው ፍሬት ላይ። የሁሉም ጊታር እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። መፍትሔው በአውራ ጣት አጥብቆ መቆንጠጥ አይደለም። አመልካች ጣትን ወደ ጎኑ ትንሽ ማዘንበልና ክንድን በክብደቱ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቅርጹን መጀመሪያ 5ኛው ፍሬት ላይ፣ ክሩ በሚለሰልስበት ቦታ ያዝነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ ፍሬት እየወረድን ወደ 1ኛው መጣን።

‹‹የእንቅፋት ደብተር›› የተወለደው በዚሁ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ደብተር ያዘ፤ ቀኑን፣ የተሰናከለበትን ቦታና የሜትሮኖሙን (የምት መቁጠሪያውን) ፍጥነት ይጽፍበታል። ‹‹ዘፈኑ ከበደኝ›› ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። የትኛው ጣት፣ ከየትኛው ክር ወደ የትኛው ክር ሲሄድ እንደተሰናከለ መገለጽ አለበት። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ‹‹ከሲ ኮርድ ወደ ጂ ስቀይር የቀለበት ጣቴ ከ5ኛው ወደ 6ኛው ክር በጊዜው ይደርሳል፤ ትንሿ ጣቴ ግን 1ኛው ክር ላይ ዘግይታ ታርፋለች።›› ይህን ያህል ካወቀች የሚቀራት መሥራት ብቻ ነው። አራት ቀን ሙሉ ሌላ ምንም አልነካችም። መጀመሪያ ቀኝ እጇን አሳርፋ ግራ እጇን ብቻ አለማመደች፤ ቀጥላ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጋ በየ4 ምቱ ቀየረች። ሦስት ጊዜ ያለስህተት ሲወጣላት ፍጥነቱን በ4 ትጨምራለች፤ ከተሳሳተች ወደ ነበረበት ትመልሳለች። የክበባችን ሕግ ይህ ሆነ።

ተራ የሚጠብቁትም ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። አንዱ ምቱን በጭብጨባ ይይዛል፤ ሌላው የሚጫወተውን ጓደኛውን እጅ እያየ እንቅፋቱን ይጽፍለታል። የሌላውን እጅ ማየት የራስን ከማየት ይቀላል፤ ኋላ ላይ ግን ያው ዓይን ወደ ራስ ይመለሳል። ይህ ጥቅም ባለቤቱ ብቻውን በሚይዘው ጊታር አይገኝም ነበር።

የገና ዝግጅቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ልጆቹ ሳይደርሱ መድረክ ላይ አወጣኋቸው። በ80 የተጀመረው ዜማ በፍርሃት እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ ተማሪዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ግማሹ ሲጨርስ ግማሹ ገና እየተጫወተ ነበር። ታዳሚው በደግነት አጨበጨበ፣ ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። በማግስቱ ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ሁሉም ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ መግቢያውን መቶ ጊዜ፣ መደምደሚያውን አሥር ጊዜ ተጫውተውታል፤ ወደ መጨረሻው በቀረቡ ቁጥር ወደማያውቁት አገር እየገቡ ነበር። ከጥር ጀምሮ ልምምዱን ገለበጥነው። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቤቶች፣ ቀጥሎ ከእነርሱ በፊት ያሉትን ሁለት፣ እንዲህ እያልን ወደ መነሻው ተጓዝን። ያን ጊዜ ዜማው በሄደ ቁጥር ወደሚታወቅ ሰፈር ይቀርባል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በስልክ እየቀዳን አብረን አዳመጥን፤ ፍጥነት ሲጨምሩ የሚጫወቱት አይሰማቸውም፣ ሲያዳምጡት ግን ይሰማቸዋል።

በየካቲት መጀመሪያ ክራር የሚጫወቱ አንድ ወላጅ ጋበዝን። ገና ሲገቡ ጊታሮቹን በሙሉ አስቀመጡና ‹‹በመጀመሪያ በአፋችሁ በሉት፤ አፋችሁ ያላለውን ጣታችሁ ከየት ያመጣዋል?›› አሏቸው። ትዝታን አዜሙ፤ ልጆቹ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጊታር ያነሳነው። ትዝታ ለጀማሪ እጅ እጅግ የተመቸ ነው፦ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛው ክር ባዶውን፣ እዚያው 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር ባዶውን፣ እዚያው 2ኛ ፍሬት፣ በመጨረሻም 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት። ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ናቸው። ሁለቱን 2ኛ ፍሬቶች ወደ 1ኛ ብንመልሳቸው ደግሞ ኢና ኤ በግማሽ ድምፅ ይወርዱና የትዝታው ፊት ይጠቁራል፤ ሆድ የሚያባባው ትዝታ ማይነር እርሱ ነው። ስድስት ነጥብ ብቻ ይዞ ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን መፈለግ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የቤት ሥራ ሆነ።

እንግዳችን ክራራቸውን ከጊታሩ ጋር ሲያስማሙ አንዱ ድምፅ አልገጥም አለ። ልጆቹ ክራሩ ተሳስቷል ብለው አሰቡ። አልተሳሳተም። ጊታር ፍሬቶቹ የተተከሉ ስለሆኑ ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ላይኛው አቻው ያለውን ርቀት) በ12 እኩል እርምጃ ከፍሎ ይዟል፤ ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው፣ ድምፆቹም እዚያ እኩል እርምጃ ላይ የማረፍ ግዴታ የለባቸውም። በዚያን ቀን እንግዳችን ክራሩን ለጊታሩ አስማሙልን። ከእርሳቸው የወሰድነው ሌላም ነገር አለ፦ ክሮቹን በሙሉ እየመቱ የማይፈለጉትን በግራ እጅ ጣቶች ማፈን። ይህን ወደ ጊታር አምጥተን፣ ግራ እጅን በክሮቹ ላይ በስሱ አሳርፈን፣ በስድስት ምት እየቆጠርን የችክችካን አመታት ተለማመድን። ኮርድ የለም፣ ዜማ የለም፣ ቀኝ እጅ ብቻ። የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያም የተጫወቱባቸውን ቅጂዎች ስናዳምጥም ‹‹ድምፃዊውን ለጊዜው እርሱትና ጊታሩን ብቻ ተከተሉ›› እላቸው ነበር።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ዘፈን መጫወት የማይፈልጉ አባላት ነበሩ፤ ፍላጎታቸውን አከበርን፣ ከክበቡም አልቀሩም። የጣት ማፍታቻ፣ ቅኝትና የኮርድ ቅያሪ ዘፈን አያስፈልጋቸውም። የሚጾሙት የምሳ ሰዓቱ ስለተረፋቸው፣ እጅ ከሁሉ በላይ የተፍታታው በዚህ ወቅት ነው።

ከፋሲካ በኋላ 6 የ12ኛ ክፍል አባላት ለፈተና ዝግጅት ሄዱ፤ ተራው በዛልን፣ አንዳንዱም በቀን 20 ደቂቃ ማግኘት ጀመረ። እድገቱ በዚያው ልክ የሚፈጥን መስሎኝ ነበር። አልፈጠነም። ጊዜ የተረፋቸው ልጆች ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ወደ መጫወት ተመለሱ፣ የደብተሮቹ ገጾችም ባዶ መሆን ጀመሩ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለእንቅፋት፣ ቀሪውን ለደስታ ብለን ከከፈልነው በኋላ ተስተካከለ። ደስታውንም አልነፈግኳቸውም፤ ሰው ጊታር የሚያነሳው ለእርሱ ነውና።

በሰኔ ወር በወላጆች ቀን 16 አባላት ሦስት ዜማ አቀረቡ። ባለ ክራሩ እንግዳችን ሁለተኛው ላይ አጀቡን። ዜማው ከሲ ወደ ጂ የሚሻገርበት ቦታ ሲደርስ እኔ የማየው መድረኩን አልነበረም፤ የዚያችን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ትንሽ ጣት ነበር። በጊዜዋ ደረሰች። ፍጥነቱም ከመነሻው እስከ መጨረሻው 80 ላይ ጸና፤ ቅጂው ክበቡ ውስጥ ስላለ ማዳመጥ የሚፈልግ ይምጣ።

ለ2018 የሚያስፈልጉን ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ሁለት ተጨማሪ ጊታሮች፣ ቢቻል ለጀማሪ ጣት የሚለሰልስ የናይለን ክር ያላቸው፤ ሦስት ሙሉ የክር መለወጫ፤ ጊታሮቹን ከክረምቱ እርጥበት የሚጠብቅ ደረቅ ቁም ሣጥን። ምዝገባው በጥቅምት የመጀመሪያው ረቡዕ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት በሙዚቃ ክፍሉ ይካሄዳል። አዲስ የምትመጡ ተማሪዎች አንድ ደብተር ያዙ፤ የግራ እጃችሁንም ጥፍር አሳጥራችሁ ቆርጣችሁ ኑ።