ቅሬታው በበዳዩ እጅ አይለፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ፣ ከዘጌም ይሁን ከደልጊ፣ ከሐሙሲትም ይሁን ከቁንዝላ፣ ልጅ ለውትድርና ተመልምሎ ሲሄድ ቤተሰቡ የሚጨነቀው ስለ ጦር ሜዳው ነው። ስለ ማሰልጠኛው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ በከተማችን የምንኖር የጤና ባለሙያዎችና በጡረታ ላይ ያለን የቀድሞ አሰልጣኞች ይህን የምንጽፈው ምልምል በቅርብ አለቃውና ቀድመውት በገቡ ጓዶቹ ስለሚደርስበት ግፍ ነው።

ስልጠና ከባድ መሆን እንዳለበት አንከራከርም። ሸክም ተሸክሞ መጓዝ፣ በውድቅት ሌሊት መነሳት፣ በደረት መሳብ የሙያው ነው። ስልጠናውን ከግፍ ለመለየት ማን አዘዘው፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ስልጠና በፕሮግራም ተጽፎ ለመላው መቶ (ምልምሉ ለተመደበበት የጦር ክፍል) የሚሰጥ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። ግፍ ግን በአንድ ልጅ ላይ ይመላለሳል፤ መኮንኖች ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ ይጀመራል፤ የሚያበቃውም የአዛዡ ንዴት ሲበርድ ነው። ጥበቃን በተከታታይ ሌሊት ለአንድ ልጅ ብቻ መስጠት፣ ኪሱን መበርበር፣ "ብድር" እያሉ ከቤት የተላከለትን ብር መቀበልም ከዚሁ ይቆጠራል።

በጣም የሚያሳስበን ቁጢጥ ብድግ የማሰኘት ቅጣት ነው። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጊዜ ቁጢጥ ብድግ ማለት ወይም ቁጢጥ እንዳሉ መራመድ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ያልለመደን ጡንቻ ያለ እረፍት ማሠራት ግን ጡንቻውን ያፈርሰዋል። ከፈረሰው ጡንቻ ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ገብቶ የኩላሊትን ቱቦዎች ይጎዳል፤ አብሮት የሚወጣው ፖታስየም ከመጠን ሲያልፍ ልብን ሊያቆም ይችላል። ችግሩ ምልክቱ በዚያው ሰዓት አለመታየቱ ነው። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ታፋው ያብጣል፣ ቁጭ ብሎ መነሳት ያቅተዋል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል። በዚህ ቀን "አስመሳይ" ተብሎ ወደ ሜዳ የተመለሰ ልጅ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ሽንቱ የጠቆረ ምልምል በዚያው ቀን ሆስፒታል ደርሶ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው፣ ፖታስየሙ፣ ክሬያቲኒኑና ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ሊለካለት ይገባል። በካምፕ ክሊኒክ የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ለሕመሙ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ የተጎዳውን ኩላሊት ያባብሱበታል።

ሙቀትም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ የሄደ ልጅ ድሬዳዋ አጠገብ እንዳለው ሁርሶ ያለ ቆላ ሲገባ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት በቀትር ፀሐይ መሮጥና መንከባለል የሰውነቱን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያሳልፈው ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ ይቀባዥራል፣ ትእዛዝ አይገባውም፣ አንዳንዴም ይሳደባል። አሰልጣኙ ይህን ንቀት አድርጎ ቅጣቱን ይጨምርበታል፤ የሚሞተውም እንዲህ ሲሆን ነው። መደረግ ያለበት ልብሱን አውልቆ ጥላ ማስገባት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ገንዳ ከሌለ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ነው። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ መኪናው ቀጥሎ ይምጣ። በተቃራኒው ውሃን በግድ ማጠጣትም ይገድላል፤ በደም ያለው ሶዲየም ቀጥኖ አንጎል ያብጣል። የአሜሪካ ጦር ወታደሩ በሰዓት ከ1.4 ሊትር፣ በቀን ከ11 ሊትር ገደማ በላይ እንዳይጠጣ የወሰነው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1956 በአሜሪካ ማሪን ማሰልጠኛ፣ በፓሪስ አይላንድ፣ አንድ አሰልጣኝ ዲሲፕሊን ላስተምር ብሎ ምልምሎቹን በጨለማ ሪበን ክሪክ ወደሚባል ረግረግ አስገባቸው። 6ቱ ሰጥመው ሞቱ። የጣና ዳር ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም፤ ዋና የማያውቅ ልጅ እግሩ መሬት ሲያጣ አጠገቡ ያለውን አንቆ ነው የሚሰጥመው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደጋገመው ቅሬታው የሚያልፍበት መንገድ ስለተበላሸ ነው። ምልምል "በዕዝ ሰንሰለት አመልክት" ይባላል። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ግን የበደለው አስር አለቃ ራሱ ነው። በሠራዊታችን የቆየው የግምገማ ልማድ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። የ18 ዓመት ልጅ በጓዶቹ ፊት ቆሞ፣ ማታ ስሙን ጠርቶ የሚቆጥረውን ሰው እንዲከስ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

ሌሎች ይህን በብዙ ሕይወት ከፍለው ተምረውታል። በእንግሊዝ ዲፕከት ካምፕ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2002 ባለው ጊዜ አራት ወጣት ምልምሎች በጥይት ሞተው ተገኙ። በ2006 የወጣው፣ ሞቶቹን የመረመረው የሕግ ባለሙያ የኒኮላስ ብሌክ ሪፖርት ከዕዝ ውጭ የሆነ ቅሬታ ተቀባይ እንዲኖር መከረ፤ በ2008 ኮሚሽነር ሥራ ጀመረ፣ በ2016 ደግሞ የተሻለ ሥልጣን ባለው እንባ ጠባቂ ተተካ። ጀርመን ቀድማ በ1956 በሕገ መንግሥቷ የፓርላማ ኮሚሽነር አቁማለች። ማንኛውም ወታደር አለቃውን ሳያስፈቅድ ለኮሚሽነሩ ይጽፋል፤ ኮሚሽነሩም ሳያስታውቅ የፈለገው ካምፕ ይገባል። ለአለቃ የሚቀርብ ቅሬታም እዚያ ሥርዓት አለው፤ አንድ ሌሊት ሳያድር አይቀርብም፣ ከአንድ ወር በላይም አይቆይም። ሌሊቷ ቁጣ እንዲበርድ ናት። እኛም ብንወስዳት የምንወዳት ደንብ ናት።

በአገራችን መነሻው አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 ከጭካኔ፣ ኢሰብአዊ ከሆነና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ ወይም ቅጣት የመጠበቅን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ምልምልን አላስቀረም። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ከተበዳዩ ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡም ይቀበላል፣ ባሕር ዳርም ጽሕፈት ቤት አለው። ስለዚህ እናትና አባት ዝም ብለው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ልጃችሁ ከመሄዱ በፊት የቆየ ሕመም ካለበት አስመዝግቡ፤ የገባበትን መቶና ሻምበል፣ የሄደበትን ቀን በደብተር ጻፉ። ሲደውል አጠገቡ ሰው ሊኖር ስለሚችል "ተበደልክ ወይ?" አትበሉት። አንድ ቃል ሊመልስባቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ጠይቁት፤ ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ሽንትህ ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ብሩ እጅህ ላይ ነው? ደስተኛ የነበረ ልጅ ሳምንት በሳምንት ብር ላኩልኝ ካለ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

ከማሰልጠኛ ኃላፊዎች የምንጠይቀው ወጪው ትንሽ ነው። ማንኛውም የአካል ቅጣት በመዝገብ ይጻፍ፤ ያዘዘው፣ የተቀጣው፣ ጥፋቱ፣ ሰዓቱና ብዛቱ ይስፈር፤ የሻምበል አዛዡ በየማታው ይፈርምበት። በስሙ ፈርሞ ሦስት መቶ ቁጢጥ የሚያዝዝ ሰው ብዙ አይገኝም። ሐኪም "ይረፍ" ያለውን ምልምል አሰልጣኝ መልሶ ሜዳ ማስወጣት አይቻለው። የሴት ምልምሎችን አቤቱታ ሴት መኮንን ትቀበል፤ የተደፈረች ልጅ ኤችአይቪ መከላከያውን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለባት ነገ ይደርሳል ማለት አይሠራም።

የቅሬታ መቀበያው ስልክ ከሻምበሉም ከሻለቃውም ውጭ ባለ ሰው እጅ ይሁን። ቁጥሩም በአዛዡ ቢሮ በር ላይ አይለጠፍ፤ እዚያ ቆሞ ሲያነብ የታየ ልጅ ማታውን ይጠየቅበታል። በመጸዳጃ ቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ፣ በዓይን ትክክል ይለጠፍ፤ ምልምል ብቻውን የሚሆነው እዚያ ነው።

ከባሕር ዳር